እግዚአብሔርን እቁብተኛ ያደረግኩበት ዓመት

ከአልጋዬ በላይ ያለው ኮርኒስ 42 ምስማር አለው። በ2009 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ድረስ በመንገዱ መብራት እየቆጠርኩት ነው ያነጋሁት። ይህንን የምጽፈውም እንደኔ ምስማር ለሚቆጥር ሰው ነው። ደህና እንቅልፍ የሚተኛ ሰው ቢያነበው አይከፋኝም። ግን እሱን አስቤ አልጻፍኩትም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ትንሽ የልጆች ልብስ ሱቅ አለችኝ። እኛ ከተማ ሹራብ የማይሸጥበት ወር ስለሌለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሱቋ አትሞትም። ባለቤቴ አስተማሪ ነው። ያኔ ትልቋ ልጃችን ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ ገና ጡት መጣሉ ነው።

ጥቅምት ላይ የሰፈራችን ነጋዴዎች እቁብ ጀመርን። 40 ሰው፣ በሳምንት 1,500 ብር። ለደረሰው 60,000 ብር ይወጣል። ሰብሳቢ ሁኚ አሉኝ። "አንቺን ሰው ያምንሻል" ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አንዳንዴ ሰውን የሚበላው የሚወደው ነገር ነው።

ስድስተኛው እሁድ ለአንድ ወንድም ደረሰው። ስምንተኛው ላይ ለጓደኛዬ ደረሳት። ሁለቱንም ዋስ ሳልጠይቅ ብሩን አስረከብኳቸው። ደንቡ "ዋስ ያልጠራ ብር አይወስድም" ይላል። ያንን ደንብ በእጄ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሰውየው ዘጠነኛውን ከፍሎ ጠፋ፤ ስልኩም ተዘጋ። ጓደኛዬ ደግሞ አሥራ አንደኛውን ከከፈለች በኋላ ዐረብ አገር ገባች ተባለ። የእሱ ቀሪ 46,500 ብር፣ የእሷ 43,500 ብር። ሲደመር 90,000 ብር። ዋሱ ማን ነው? እኔ።

ዋስ አለመጠየቄ ስህተት ነበር፤ ግን የገንዘብ ስህተት ነው፣ በገንዘብ ይታረማል። ያሳመመኝ ከዚያ ቀጥሎ ያደረግኩት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። "በሁለት ወር እሸፍነዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል" አልኩ። በየእሁዱ የሁለቱን 3,000 ብር ከሱቋ ካዝና እያወጣሁ፣ "ከፍለዋል" ብዬ በስማቸው ምልክት አደርግ ጀመር። የመርካቶው አቅራቢዬ ዘንድ ያለብኝ ዱቤ 20,000 ደረሰ። ካዝናው ሲደርቅ ከአንድ ሰው 40,000 ብር በአራጣ ወሰድኩ። በወር ከመቶ አሥር። ይህ ማለት በየወሩ 4,000 ብር ወለድ፣ ዋናው ሳይነካ።

እስቲ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። የሆነ ነገር ደብቃችሁ እየተጨነቃችሁ ከሆነ፣ ከጭንቀታችሁ ግማሹ የነገሩ አይደለም፣ የመደበቁ ነው። እኔ ይህን ለማወቅ አምስት ወር ፈጀብኝ።

ጭንቀት እንዴት እንደሚጀምር አላውቅም ነበር። "ሐሳብ አለብኝ" ነው የምለው። መጀመሪያ እንቅልፌ ሄደ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ብድግ እላለሁ። ከዚያ ሂሳብ ነው። ሰላሳ ሲደመር አርባ፣ ሲቀነስ አራት። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓታት በድምፅ ማጉያ ይሰማኛል፤ አባቶች ቆመው ያድራሉ፣ እኔ ተኝቼ አድራለሁ፣ ሁላችንም አንተኛም። ቀጥሎ ምግብ ተዘጋብኝ። ከዚያ ልቤ ድንገት ይመታል፣ እጄን ይደነዝዘኛል፣ የምሞት ይመስለኛል።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ካልሲ እያጠፍኩ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣችና አጠገቤ ቆመች። ትንሽ አየችኝና "እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለችኝ። ለካ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ብር እየቆጠርኩ ነበር። "እየጸለይኩ ነው" አልኳት። ልጅን መዋሸት ሳያንስ በጸሎት ስም መዋሸቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጨጓራ ነው አሉኝና የጨጓራ መድኃኒት ወሰድኩ። ለውጥ የለም። ልቤንም አሳየሁ፤ ደህና ነው ተባልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አስቀምጦ "እንቅልፍሽስ?" አለኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ሕመሙ ጭንቀት እንደሚባል፣ እንደሚታከም ነገረኝ። መድኃኒት ጻፈልኝ። "ወዲያው አይሠራም፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በራስሽ እንዳታቋርጪ" አለኝ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። "አእምሮዬን ታምሜያለሁ፣ ነገ አማኑኤል ይልኩኛል፣ ሰው እብድ ይለኛል።" መድኃኒቱን በካልሲ ካርቶን ውስጥ ደበቅኩት። የምደብቀው ነገር አንድ ጨመረ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። አንዲት ደንበኛዬ መክሳቴን አይታ "ዓይን ነው፣ አንድ አዋቂ አለ" አለችኝ። ሄድኩ። በሥላሴ ስም የተጠመቅኩ፣ ክር በአንገቴ ያለ ሴት፣ ሄድኩ! ሰውየው 3,000 ብር ተቀብሎኝ "ቅርብሽ ያለች ቀይ ሴት ናት ያሰረችሽ" አለኝ። ከሱቄ ጎን ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ቀይ ናት። አሥር ዓመት ቡና የጠጣን ሰዎች ነን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናዋን መጠጣት ተውኩ። ሰላምታዋን በግማሽ እመልሳለሁ። ምስኪኗ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ስንት ወር ተጨነቀች። እዚያ ቤት 3,000 ብር ብቻ የከፈልኩ መስሎኝ ነበር፤ ጎረቤቴንም ከፍያለሁ። ከጠንቋይ ቤት ሰላም ይዞ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ጠላት ይዞ የወጣ ግን አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አልጸለይኩም ማለት አይደለም። ኧረ እንዲያውም እንደዚያ ዓመት ጸልዬ አላውቅም። ግን ጸሎቴ እንዲህ ነበር፦ "ሥላሴ፣ ሰውየው ብሩን ከመለሰ ጃንጥላ አስገባለሁ።" ሳምንት ሲያልፍ፣ "የሸንኮራው ዮሐንስ፣ ጓደኛዬ ስልክ ከደወለች መጋረጃ።" ቀጥሎ ለሚካኤል ጧፍ። ለገብርኤል ምንጣፍ። ለጻድቃኔ ማርያም የሠርጌን ሀብል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አምስት ስለት ተሳልኩ። የሰው ዕዳ አልበቃ ብሎኝ ለአምስት ታቦት ባለዕዳ ሆንኩ። ሌሊት ሂሳብ ስሠራ አሁን የምደምረው የጃንጥላና የመጋረጃ ዋጋም አለበት።

መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ ለባለቤቴ "ጨጓራዬን ጠበል ልጠመቅ" ብዬ ጻድቃኔ ማርያም ሄድኩ። ቦታውን የማታውቁት ካላችሁ፣ በሰላ ድንጋይ በኩል ነው፣ ሞጃና ወደራ ወረዳ። ሰው ከየአገሩ በሶና ቆሎውን ይዞ ይመጣል፣ ሱባኤ ይይዛል፣ ይጠመቃል፣ ይጠጣል። እኔም ለሰባት ቀን በሶ ቋጥሬ ሄድኩ። መድኃኒቱን ግን እዚያው እንደደረስኩ ጣልኩት። አሥር ቀን ብቻ ነው የወሰድኩት። "ጠበል ይዤ ክኒን እውጣለሁ እንዴ? እምነቴ የት አለ?" አልኩ። ማንም ካህን እንዲህ አድርጊ አላለኝም። ራሴ ፈላስፋ ሆኜ ነው።

አጠገቤ መደብ የያዙ አንዲት ከመንዝ የመጡ እናት ነበሩ። ባናቸውን ተከናንበው ቀኑን ሙሉ ዳዊት በቃላቸው ያነበንባሉ። እኔ ቆሜ እሰግዳለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እንደገና እሰግዳለሁ። በአራተኛው ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ በሶሽን አልነካሽውም። ለማን ልታወርሺው ነው?"

"አይበላልኝም እማማ።"

"ኤልያስ እንኳ ከክትክታው ሥር ወድቆ ግደለኝ ሲል፣ መልአኩ መጥቶ ተነሥተህ ብላ ነው ያለው። ስገድ አላለውም። ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ ቀሰቀሰው፣ አሁንም ብላ። መንገዱ ሩቅ ነዋ!"

ይህን እያሉ በሶውን በራሳቸው ጠበል ለወሱና ጨብጠው በእጄ አኖሩልኝ። እስክውጥ ድረስ ዓይናቸውን ከአፌ አልነቀሉም። ሁለተኛውን ጨበጡ። ሦስተኛውን። ከዚያ ባናቸውን ግማሹን አለበሱኝ። የበግ ሱፍ ሽታ፣ የጢስ ሽታ፣ የዕጣን ሽታ። ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ። ስነሣ እሳቸው ቀድመውኝ ተነሥተው ውዳሴ ማርያም ላይ ናቸው።

ቆይቼ መጽሐፉን ገልጬ አየሁት። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ልክ እንዳሉት ነው። ክትክታውም አለ፣ እንጎቻውም አለ፣ ውኃውም አለ። እግዚአብሔር ለዚያ ለደከመ ሰው ከቃል በፊት ምግብና እንቅልፍ ሰጠው። እንግዲህ ስትጨነቁ ራት አትዝለሉ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ባዶ ሆድ ላይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚመጣ ሐሳብ ሁልጊዜ ከእውነቱ በጣም ይበልጣል።

ሰባቱን ቀን ጨርሼ ቀለል ብሎኝ ተመለስኩ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ምስክርነት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው። የእኔ ግን አላለቀም። ሰኞ ሱቄን ስከፍት የአራጣው ሰውዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሐሙስ ሌሊት እኔና 42ቱ ምስማሮች ተመልሰን ተገናኘን። እንዲያውም ባሰብኝ፤ መድኃኒቱን አቋርጫለሁ፣ አሁን ደግሞ "ጠበሉ እንኳ እምቢ አለኝ" የሚል ተጨመረበት። ትንሽ የገባት አንዲት ወዳጄ "እምነትሽ ጎድሎ ነው" አለችኝ። እባካችሁ፣ ለተጨነቀ ሰው ይህን አትበሉ። የሰመጠ ሰው ላይ ድንጋይ መጣል ነው።

ፋሲካ አለፈ። ሚያዝያ ማለቂያ ላይ የንስሐ አባቴ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ጋቢያቸውን ለብሰው የጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው ፀሐይ ሲያገኝ ቶሎ አይነሣም። መስቀል ተሳለምኩና ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እቁቡን፣ አራጣውን፣ አዋቂውን፣ የጣልኩትን መድኃኒት። መጨረሻ ላይ አምስቱን ስለት ቆጠርኩላቸው። የሚያዝኑልኝ መስሎኝ ነበር። ሳቁ!

"ልጄ፣ እግዚአብሔርን እቁብተኛ አደረግሽው እኮ። ይህን እጥላለሁ፣ ተራዬን ስጠኝ፣ ነው የምትይው። እሱ ደግሞ እጣ አያወጣም።"

ዝም አልኩ።

"ጴጥሮስ ምን አለ? 'እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት።' ጣሉት ነው የሚለው። አበድሩት አይልም።"

ከዚያ አቡነ ዘበሰማያትን በይ አሉኝ። ጀመርኩ። "ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም" የሚለው ላይ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ዮም ምን ማለት ነው?"

"ዛሬ።"

"ለመጪው እሁድ የሚል አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያው ሌሊት ስትነሺ እስከዚህች ድረስ ብቻ በይ። ዮም ካልሽ በኋላ ሂሳብ የለም። የነገውን ነገ ትይዋለሽ።"

ቀኖና ሰጡኝ። ስግደት እጠብቅ ነበር፤ ስግደትም ነበረው። የከበደው ግን ሌላው ነው። እሁድ ሳይደርስ ለባለቤቴ እንድነግረው፣ ጎረቤቴን ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ሐኪሙ ጋ እንድመለስ። "ጠበሉን የሰጠም፣ ሐኪሙን የፈጠረም አንድ ነው" አሉኝ። ስለቱንስ ስላቸው፣ "ስለት ይከፈላል። ግን በአራጣ ተበድሮ አይደለም። ከሰው ዕዳ ስትወጪ፣ በየተራ" አሉ። ይህቺን ብቻ ስሰማ የሆነ ነገር ከትከሻዬ ወረደ።

እዚህ ላይ ምክሬን ልናገር። የንስሐ አባት ያላችሁ ሰዎች፣ ስልካቸውን ለፋሲካ መልካም ምኞት ብቻ አታስቀምጡት። ስትሄዱም አጣፍጣችሁ አትናገሩ። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሄጄ "ትንሽ ሐሳብ አለብኝ አባ፣ ይጸልዩልኝ" ብዬ ተመልሻለሁ። ያልነገርኳቸውን በምን ያውቁታል?

ለባለቤቴ ቅዳሜ ማታ ነገርኩት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማንደጃው ላይ ቡና ጣድኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስኒው ከረከቦቱ ጋር ይንኳኳል። "ምን ሆነሻል?" አለኝ። ደብተሩን ሰጠሁት። ሁሉንም ጽፌው ነበር፤ በአፌ እንደማልችል አውቃለሁ። አነበበ። ገጹን ገልብጦ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

አንድ ሰዓት ገደማ አልተመለሰም። ቡናው ገነፈለ፣ አላነሣሁትም። ሲመለስ አፍንጫው በብርድ ቀልቷል። በሩ ላይ እንደቆመ "ስለ 90,000 ብር ብለሽ ነው አምስት ወር ከእኔ ጋር እንደ ተከራይ የኖርሽው?" አለኝ። የተቆጣው ስለ ብሩ አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ጀርባዬን ስሰጠው የጠላሁት መስሎት ኖሯል። እሱም የራሱን ምስማር ይቆጥር ነበር ማለት ነው።

ደብተሩ ላይ ያለውን ላሳያችሁ። አራጣ 40,000። አቅራቢ 20,000። የእቁቡ ቀሪ አሥር ሳምንት 30,000። ድምሩ ያው 90,000 ነው። አምስት ወር ሙሉ አገላብጬው ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው አዛወርኩት እንጂ አላደገም፤ የበላኝ ወለዱ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን ሚሊዮን ነበር። ጻፉት። ወረቀት ላይ ያለ ዕዳ ጠርዝ አለው፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ጠርዝ የለውም። እኔ እስከ ዛሬ ማታ ማታ የሚያሳስበኝን ነገር በትንሽ ደብተር ጽፌ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀምጬ ነው የምተኛው። እዚያ ያለውን ጠዋት አገኘዋለሁ። የሚገርመው፣ ጠዋት ስገልጠው ግማሹ ያስቃል።

ከሁሉ አስቀድመን አራጣውን ዘጋን። የባለቤቴ ወንድም ያለ ወለድ አበደረን። አራጣ ያለበት ሰው ሌላ ምንም ከማድረጉ በፊት እሱን ይገላገል፤ ወለዱ እየቆጠረ ጸሎት ላይ ልብ አይሰበሰብም።

እሁድ እቁቡ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። አላሳምረውም፣ ከባድ ነበር። አንዱ "ሌባ" አለኝ። በሐሰት ምልክት አድርጌያለሁና መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሽማግሎች ያዙልኝ። ውሳኔው ይህ ሆነ፦ ገና ያልደረሳቸው አሥሩ ሰዎች በየተራቸው 57,000 ብር ይወስዳሉ፤ የየአንዳንዳቸውን 3,000 ብር እኔ ቀስ ብዬ እከፍላለሁ። ከአሥሩ አንዷ "የእኔን ትቼዋለሁ፣ የልጆችሽ ይሁን" አለች። ማን እንደሆነች ገምቱ። ያቺ ቀይ ጎረቤቴ ናት። በማግስቱ ቡና አፍልቼ ሄጄ ስለ አዋቂው ነገርኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ "በ3,000 ብር እኔ ራሴ አስሬሽ ነበር" አለችኝ። ሰብሳቢነቱን አስረከብኩ፤ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የፈራሁት ነገር ሁሉ ደረሰ፣ ተዋረድኩም። ያን ሌሊት ግን ተኛሁ።

ሐኪሙ ጋ ተመለስኩ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። መድኃኒቱን እንደገና ጀመርኩ፣ ዓመት ገደማ ወሰድኩ። ያቆምኩትም በእሱ ምክር ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ነው። ጠዋት ጠበሌን እጠጣለሁ፣ ማታ ክኒኔን እውጣለሁ። አልተጣሉም።

የሌሊቱ ነገር እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ በአንድ ቀን አልቀረም። ብዙ ሳምንት በስምንት ሰዓት መንቃቴን ቀጠልኩ። የተለወጠው ስነቃ የማደርገው ነው። አልጋ ላይ መገላበጥ ተውኩ። ተነሥቼ ጋቢዬን እደርባለሁ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱም ዕለት የተከፋፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ በቀስታ አነባለሁ። ረጅም ጸሎት ልያዝ ብዬ አልጀምርም፤ የጨነቀው ሰው ረጅም ነገር ከያዘ አለመጨረሱ ሌላ ጭንቀት ይሆንበታል። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት፣ እስከ ዮም። "ዮም" ስል እጄን እዘረጋለሁ፣ እንደሚጥል ሰው። ባለቤቴ አንድ ሌሊት አይቶኝ "ምን እየጣልሽ ነው?" ብሎኛል። ስልክ አልነካም፤ የባንክ መልእክት በሌሊት የሚያይ ሰው ጸሎቱን መልሶ ያፈርሰዋል። ከሰዓት በኋላ ቡና አቆምኩ። ለሸዋ ሰው ይህ ከስግደቱ ይበልጣል።

ደግሞ ምስጋና። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በአንዳች አትጨነቁ ሲል፣ "በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር" ይላል። ምስጋናውን እዘለው ነበር። ምን ይመሰገናል ብዬ። አሁን ከመለመኔ በፊት የዛሬን ሦስት ነገር እጠራለሁ። ትንንሽ ነገር። "ዛሬ ሁለት ሹራብ ተሸጠ። ልጁ ሳያስል አደረ። ፀሐይ ወጣች።" ደስ ስላለኝ ሳይሆን ዓይኔ ከነገ ላይ እንዲነሣ ነው።

አሁንም እጨነቃለሁ። የልጅ ትምህርት አለ፣ የኪራይ ጭማሪ አለ፣ የመርካቶ ዋጋ አለ። ልቤ መምታት ሲጀምር አውቀዋለሁ፣ እንደ ድሮው አያስደነግጠኝም። በደረሰብኝ ቀን ራቴን እበላለሁ፣ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ፣ እጽፈዋለሁ፣ ዮም እላለሁ። ሦስት ቀን ካለፈ አባቴ ጋ እሄዳለሁ። ካልሆነ ሐኪሙም አለ። ሌሊት "ብሞት ይሻላል" የሚል ሐሳብ የመጣባችሁ ካላችሁ ግን ሦስት ቀን አትጠብቁ። ያኔውኑ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱ፣ ሲነጋ ሐኪም ጋ ሂዱ። ኤልያስም ብሎታል፣ አያሳፍርም።

ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጓደኛዬ በ2010 ዓ.ም. ከቤይሩት ደወለች። እያለቀሰች 10,000 ብር ላከች፤ ሌላውን አልጠበቅኩም። የእቁቡን በ2010፣ የአቅራቢውንና የባለቤቴን ወንድም በ2011 ዓ.ም. ጨረስን። ከዚያ ስለቶቼን በየተራ። ጧፉ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው። ሀብሉን ጻድቃኔ ወስጄ ሳስገባ እኚያን የመንዝ እናት በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ አላገኘኋቸውም። በሶ ግን ይዤ ሄጄ ነበር፣ አጠገቤ ላለች ለማትበላ ልጅ ጨበጥኩላት።

የመጨረሻዋ የሥላሴ ጃንጥላ ነበረች። ሐምሌ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በክብረ በዓሉ አስገባኋት። የሐምሌን የደብረ ብርሃን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ታቦቱ ሲወጣ አንድ ዲያቆን አዲሷን ጃንጥላ ዘረጋት፣ ውኃው ከዘርፏ ላይ ይንጠባጠባል። እልል አልኩ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "ለዚህኛውስ ዋስ ጠርተሻል?" አለኝ።